ከፍራንክፈርት ወደ ፎገራ፦ የሩዝ አገር ጉዟችንን ስናቅድ

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ጉዞ ነው። ጉዞውን ግን ገና አልተጓዝነውም። እኔና የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ለሦስት ወር ያህል ፍራንክፈርት በሚገኘው ቤታችን፣ በምግብ ጠረጴዛችን ላይ ስናቅደው ቆይተናል። ምን እንዳገኘንና ምን እንደከበደን ልንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው በእንጀራ ነው። ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራ ትጋግራለች። እዚህ የጤፍ ዱቄት ውድ ስለሆነ የሩዝ ዱቄት ትቀላቅልበታለች። እንዲህ የሚያደርጉ ብዙ ቤቶች አውቃለሁ። አንድ ቅዳሜ እንግዶች ጠርተን ሳለ፣ በዕድሜ የገፉ አንድ ሰው እንጀራውን ቆርሰው አዩና «ሩዝ ገብቶበታል፣ አይደል? ይሄማ የፈረንጅ አገር እንጀራ ነው። እውነተኛው አገር ቤት ቀርቷል» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ክፉ አስበው አልነበረም፤ ወጡንም አመስግነው በሉ። ልጄ ግን አልሳቀችም።

ሰኞ ጠዋት ምሳ ዕቃዋን ስታዘጋጅ እንጀራውን ትታ ዳቦ ያዘች። «ዛሬ እንጀራ የለም እንዴ?» አልኳት። «እውነተኛ ካልሆነ ለምን እይዘዋለሁ?» አለችኝ። ይህች ልጅ ለክፍል ጓደኞቿ «ይሄ የእኛ አገር ምግብ ነው» እያለች ታቀምስ የነበረች ናት። ምን ብዬ ልመልስላት? እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። «እውነተኛ ነው» ብሎ መናገር አይበቃኝም፤ ማስረጃ እፈልጋለሁ። ማታ ላይ አጎቴ ትዝ አሉኝ።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ፎገራ ውስጥ ሩዝ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። እሳቸው ቤት በየቀኑ የሚበላው እንጀራ ሩዝ አለበት። እኔ ባሕር ዳር ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ለእረፍት እሳቸው ዘንድ ስሄድ በልቼዋለሁ። ልጄን «የሩዝ እንጀራ የፈረንጅ አገር ብቻ አይደለም። ሄደን እናያለን» አልኳት። እቅዱ በዚያ ምሽት ተጀመረ።

ፎገራ የት ነው?

ፎገራ በአማራ ክልል፣ በደቡብ ጎንደር ዞን የሚገኝ ወረዳ ነው። ዋና ከተማው ወረታ ይባላል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ወረታ ይደረሳል። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋው ሰፊ ሜዳ የፎገራ ሜዳ ነው። ጉማራ እና ርብ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በክረምት ወንዞቹ ሞልተው ይወጣሉ፤ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል።

ልጄ «እዚህ ፍራንክፈርት ይሄን ቦታ የሚያውቅ ሰው አለ?» አለችኝ። በሚቀጥለው እሑድ ወደ ዜንከንበርግ ሙዚየም ወሰድኳት። ሁልጊዜ የምንሄደው ዳይኖሰሮቹን ለማየት ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ስለ ኤድዋርድ ሩፔል ነገርኳት። ሩፔል በ1794 እ.ኤ.አ. ፍራንክፈርት ውስጥ የተወለደ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ተጉዞ ጎንደር ደርሷል። ከጣና ሐይቅ ዓሦች አንዳንዶቹን ለሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። የሰበሰባቸው እንስሳት ለዜንከንበርግ፣ ከኢትዮጵያ ያመጣቸው የብራና መጻሕፍት ደግሞ ለፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት ተሰጥተዋል። «ከኛ በፊት አንድ የፍራንክፈርት ሰው ይሄን መንገድ ሄዶበታል» አልኳት።

«ሩዙንስ አይቷል?» አለችኝ። አላየም። በሩፔል ዘመን ፎገራ ላይ የሩዝ እርሻ አልነበረም።

ሩዙ ከየት መጣ?

እናቴ ፎገራ ተወልዳ ያደገች ናት። በ1960ዎቹ ተድራ ወደ ባሕር ዳር መጣች። በስልክ ስንጠይቃት «በኔ ጊዜ ሩዝ የሚባል አናውቅም። ሜዳው የከብት አገር ነበር» አለችን። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት። ክረምት ሜዳው በውሃ ሲሸፈን ከብቶቹን ወደ ከፍታው ይነዷቸው እንደነበር ነገረችን። ውሃው ሲሸሽ በእርጥቡ አፈር ላይ ጓያና ሽምብራ ይዘራ ነበር።

ታዲያ ሩዙ እንዴት ገባ? በፎገራ ረግረጋማ ቦታዎች የዱር ሩዝ ይበቅል ነበር። ይህም መሬቱ ለሩዝ እንደሚስማማ ምልክት ሆነ። በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው ጅግና እና ሻጋ ከሚባሉት የገበሬ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ሠሩ። ገበሬው ዘንድ በጣም ከተስፋፉት የሩዝ ዓይነቶች አንዱ እስከ ዛሬ «ኤክስ ጅግና» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጅግና ነው።

አጎቴ እንደሚሉት መጀመሪያ ላይ ገበሬው ሩዙን ቢያመርተውም እንዴት እንደሚበላው አያውቅም ነበር። «ቀቅለን በማንኪያ እንድንበላው ነገሩን። እኛ ደግሞ ያለ እንጀራ አንጠግብም» አሉ እየሳቁ። መልሱን ያገኙት ሴቶቹ ናቸው ይላሉ፤ ፈጭተው ከጤፍ ጋር አቦኩት። በሌላ ቋንቋ፣ ሩዝ የፎገራ እህል የሆነው እንጀራ ከሆነ በኋላ ነው።

ዛሬ ገበሬው ሩዝን «ነጭ ወርቅ» ይለዋል። ድሮ ችግር የነበረው የተኛ ውሃ አሁን ሀብት ሆኗል። ከሩዙ አጨዳ በኋላም በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራሉ፤ ስለዚህ አንድ መሬት በዓመት ሁለት ጊዜ ያበላል። ወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች የበዙባት ከተማ ሆናለች። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በፎገራ ይገኛል።

ልጄ ይህን ሰምታ «እንግዲያው አዲስ ነገር ነው። አዲስ ከሆነ ደግሞ ባህል አይደለም» አለች። እኔም በጠረጴዛው ላይ ያለውን ምሳችንን አሳየኋት። የዚያን ቀን የበላነው የፍራንክፈርትን አረንጓዴ ሶስ ነበር። በሰባት ዓይነት ቅጠላ ቅጠል ይሠራል፣ ከእንቁላልና ከድንች ጋር ይበላል። ድንቹ ግን ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ደግሞ ድንችን ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል፤ ዘመኑም 1858 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በጾም ቀን አልጫ ድንች የሌለበት ስንት ማዕድ አለ? ልጄ ዝም ብላ ድንቿን በላች።

መቼ እንሂድ?

እቅዱን በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ሠራነው። ቀን፣ ቦታ፣ ርቀት፣ ምግብ፣ ጥያቄ የሚሉ ዓምዶች አሉት። መጀመሪያ የሞላሁት የበጋ እረፍቷን ነበር። በሄሰን ትምህርት ቤት ለስድስት ሳምንት የሚዘጋው በዚያ ወቅት ነው። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «የናንተ በጋ የኛ ክረምት ነው! ሐምሌና ነሐሴ ብትመጡ የምታዩት ውሃና ጭቃ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ወቅት ገበሬው ጭቃ ውስጥ ገብቶ አረም ያርማል፣ እንግዳ ለመቀበልም ፋታ የለውም።

በጥቅምት ማሳው ወደ ቢጫ መለወጥ ይጀምራል። አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ሩዙ በማጭድ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ ከዚያም አውድማ ላይ ይወቃል። ለልጄ የሚመቸው የጀርመን የገና እረፍት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር ይውላል። ስለዚህ ውቂያውን እንደርስበታለን፣ ታኅሣሥ 29 ደግሞ የኢትዮጵያ ገና ነው። ሠንጠረዡን እንደ ገና ጀመርነው።

አምስቱ ቀናት

አንደኛ ቀን። ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፤ ሰባት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የዚያን ቀን ሌላ ሥራ የለም፤ እረፍት ብቻ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ሰውነት እስኪለምድ ቀስ ማለት ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር እንቀመጣለን፤ ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎችን እናያለን።

ሁለተኛ ቀን። በመኪና ወደ ወረታ። ሐሙሲትን አልፈን፣ የጉማራን ድልድይ ተሻግረን ሜዳው ውስጥ እንገባለን። ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ እንጎበኛለን። ልጄ ማየት የምትፈልገው ቅርፊቱ ሲወልቅ ነው። ፍራንክፈርት ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ሩዝ ቅርፊት እንደነበረው አታውቅም ነበር።

ሦስተኛ ቀን። ሙሉ ቀን አጎቴ ቤት። ጠዋት አውድማ፣ ከሰዓት ማድ ቤት። የሩዙ ገለባ ለከብቱ መኖ እንደሚሆንና ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ቤት እንደሚለሰንበት አጎቴ ነግረውናል። ይህን ቀን በሰዓት መከፋፈል ፈልጌ ነበር። አጎቴ ግን «እንግዳ በሰዓት አይስተናገድም» ብለው ሰረዙብኝ።

አራተኛ ቀን። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ በኩል አውራምባ። ይህ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ የተመሠረተ ማኅበረሰብ ነው። ወንዶችና ሴቶች ሥራን በእኩል ይካፈላሉ፤ በሽመና ሥራቸውም ይታወቃሉ። ልጄ ወንዶች እንጀራ ሲጋግሩ ማየት እንደምትፈልግ በ«ጥያቄ» ዓምድ ጽፋለች። ለማን እንደጻፈችው ገብቶኛል።

አምስተኛ ቀን። ርብን ተሻግረን፣ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር። መንገድ ላይ እንፍራንዝ አቅራቢያ የጉዛራ ቤተ መንግሥት አለ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ሠርፀ ድንግል እንደተሠራ ይነገራል። ጎንደር ላይ የፋሲል ግቢን እናያለን፤ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ከጎንደር በአውሮፕላን እንመለሳለን።

ምን እንበላለን?

በገና እረፍት ስትሄዱ አንድ ነገር አስታውሱ፤ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ የነቢያት ጾም ነው። በሚጾሙ ቤቶች ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለም። ስለዚህ የፎገራን ላም ወተት ከገና በፊት አንጠብቅም። ዓሣን በጾም መብላት ከሰው ሰው ይለያያልና አስቀድሞ መጠየቅ ጨዋነት ነው። የሽምብራ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ድንች ግን ሞልቷል። ሩዙ ደግሞ በብዙ መልክ ይመጣል፦ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቅንጬ፤ ለአዋቂዎች ጠላና አረቄም ከሩዝ ይሠራል።

እንጀራውን እንዴት እንደሚሠሩት የአጎቴ ባለቤት ለባለቤቴ በስልክ አስረዷት። ሩዝ ብቻውን ሲጋገር ቶሎ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ከጤፍ ጋር ሲሆን ግን ጤፉ ያለሰልሰዋል፣ ሩዙ ደግሞ ያነጣዋል። እርሾ ተጨምሮ ይቦካል፣ አብሲት ይጨመርበታል፣ ይጋገራል። ባለቤቴ ስልኩን ከዘጋች በኋላ «እኔ የማደርገው ይሄንኑ ነው እኮ!» አለች። እዚህ በዋጋ ምክንያት ያገኘችውን መላ እዚያ በጎርፍ ምክንያት አግኝተውት ነበር።

ባዶ የቀረው ዓምድ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ግጭት አለ። የጀርመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ወደ ክልሉ እንዳይኬድ ያስጠነቅቃል። በእኛ ሠንጠረዥ ላይ 55 ኪሎ ሜትር ቀላል ቁጥር ነው። ለአጎቴ ግን መንገዱ አንዳንድ ቀን ክፍት ነው፣ አንዳንድ ቀን ዝግ ነው። አንዳንዴ ለሳምንት ያህል በስልክ አናገኛቸውም። ልጄን ይዤ በዚያ መንገድ መሄድ አልችልም። ይህን ለእሷ መንገር ከሁሉም ከበደኝ።

እናቴን ደግሞ ጊዜ አይጠብቃትም። ዕድሜዋ ከሰባ አልፏል፤ ጉልበቷ ደክሟል። ወንድሟን ካየች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ባለፈው ወር ልጄ ራሷ ደወለችላትና በአማርኛ «አያቴ፣ የሩዝ እንጀራ እውነተኛ እንጀራ ነው?» አለቻት።

እናቴ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ እኔም ሰምቼው የማላውቀውን ነገረቻት። ወንድሟ ሩዝ መዝራት የጀመሩ ሰሞን ልትጠይቃቸው ሄዳ ነበር። አዲሱን እንጀራ በክብር አቀረቡላት። እሷም «ይሄ ደግሞ እንጀራ ነው? የኮሪያ እህል አልበላም» ብላ ገፋችው። ወንድሟ ምንም አልተናገሩም፤ ማዕዱን አንስተው ወጡ። «ያን ቀን ወንድሜን በገዛ ቤቱ አሳፈርኩት» አለች እናቴ። «በኋላ ስድስት ልጆቹን ያስተማረው ያ ሩዝ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ በላሁለት፤ ይቅር በለኝ ብዬው ግን አላውቅም። አብረን ስንሄድ፣ አንቺ ባለሽበት እለዋለሁ።»

ስለዚህ እቅዳችንን ለወጥን እንጂ አልተውነውም። ዘንድሮ ለገና አዲስ አበባ እንሄዳለን፤ እናቴ ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ትመጣለች። አጎቴ መንገድ በተከፈተ ቀን አንድ ማዳበሪያ ሩዝ ወደ ባሕር ዳር ልከውላታል። ጥቂቱን አስፈጭታ ታመጣለች። ወደ ፎገራ የሚደረገው የአምስት ቀን ጉዞ ግን ይጠብቃል።

ሠንጠረዡን አትመን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈነዋል። ቦታው፣ ርቀቱ፣ ምግቡ ሁሉ ተሞልቷል። ባዶ የነበረው «ቀን» የሚለው ዓምድ ነው። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ልጄ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ እንጀራ ጠቅልላ ካስገባች በኋላ እርሳስ አንሥታ ባዶውን ቦታ ሞላችው። «ሰላም ሲሆን» ብላ ጻፈች።

የቃላት ፍቺ

መፈልፈያ፦ የእህልን ቅርፊት የሚያወልቅ መሣሪያ
አውድማ፦ የታጨደ እህል የሚወቃበት ንጹሕ መሬት
ጓያ፦ እንደ አተርና ሽምብራ ያለ፣ በእርጥብ አፈር የሚበቅል የጥራጥሬ ዓይነት
ደንገል፦ ውሃ ዳር የሚበቅል ረጅም ተክል፤ ታንኳ ይሠራበታል
አብሲት፦ ከሊጡ ተቀንሶ በፈላ ውሃ የሚበስልና ተመልሶ የሚቀላቀል
መኖ፦ የከብት ምግብ

በቤታችሁ ተወያዩ

1. በእናንተ ቤት እንጀራ ከምን ከምን ዱቄት ይጋገራል? ለምን?
2. ለአያቶቻችሁ ወይም ለወላጆቻችሁ ደውላችሁ፣ እነሱ ልጅ ሳሉ ያልነበረ፣ አሁን ግን በየቀኑ የሚበላ አንድ ምግብ ጠይቋቸው።
3. ልትሄዱበት የምትፈልጉት፣ አሁን ግን የማትችሉበት የቤተሰባችሁ ቦታ አለ? የአምስት ቀን እቅድ በአማርኛ ጻፉ።